«ለአሠልጣኙ እንዳትነግሪብኝ» ያለች ልጅ

ደብዳቤው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ልጄ 15 ዓመቷ ነው። ለትምህርት ቤቷ 800 እና 1,500 ሜትር ትሮጣለች። ከቡድኑ ጋር በሳምንት አራት ቀን ትለማመዳለች፤ በቅርቡ ደግሞ ክለብ ገብታ ሁለት ቀን ጨምራለች። ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ ማታ ማታ ቅልጥሟን ስታሽ አያታለሁ። ስጠይቃት ‹ለአሠልጣኙ እንዳትነግሪብኝ፣ ከዱላ ቅብብሉ ያወጣኛል› አለችኝ። የክፍል ውጤቷ ወርዷል። ጓደኞቿ የሚጠጡትን የጉልበት ዱቄት ግዢልኝም ትላለች። አባቷ በውድድር ቀን ሰዓት ይዞ ከሜዳው ውስጥ አብሯት እየሮጠ ይጮኻል፤ እሷ ታፍራለች፣ እሱ ግን እያበረታታኋት ነው ባይ ነው። ከትምህርት ቤቱ የሚደርሰን የውድድር ቀንና ሰዓት ብቻ ነው። ላስቆማት? ማንንስ፣ ምኑን ልጠይቅ? — የሯጯ እናት»

ውድ የሯጯ እናት፣

ከሩጫው አያስቁሟት። ቅልጥሟን ሐኪም እስኪያየው ድረስ ግን ከዛሬ ጀምሮ አትሩጥ። ሁለቱ እንደሚለያዩ መጀመሪያ ለእሷ ይንገሯት፤ ልጅዎ የምትፈራው ሁለቱ አንድ እንዳይሆኑባት ነው።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነበው ከሕመሙ ይልቅ ያስጨነቀኝ ምስጢሩ ነው። እግሯን እንደሚያማት ልጅዎ ታውቃለች፣ አሠልጣኙ አያውቅም። የትምህርት ቤቱ አሠልጣኝ በሳምንት ምን ያህል እንዳስሮጣት ያውቃል፣ የክለቡ አሠልጣኝ አያውቅም። ስንት ሰዓት ተኝታ ስንት ሰዓት እንደምትነሣ፣ ምን ያህል በልታ እንደወጣች የሚያዩት እርስዎ ነዎት፤ ሁለቱም አሠልጣኞች አያዩም። ማንም ክፉ አላሰበም። እያንዳንዱ በእጁ ባለው መረጃ ትክክል የመሰለውን ሲያደርግ፣ የሁሉም ድምር ግን አንዲት የ15 ዓመት ልጅ እግር ላይ ያርፋል። ስለዚህ የምመክርዎ ነገር ሁሉ ወደ አንድ ሥራ ይመለሳል፦ በሦስት ሰው ዘንድ ተበታትኖ ያለውን መረጃ አንድ ቦታ ማምጣት። ይህን ለማድረግ ከእርስዎ የተሻለ ቦታ ላይ ያለ ሰው የለም።

ከቅልጥሙ እንጀምር። ሯጮችን ቅልጥማቸውን የሚያማቸው በብዙ ምክንያት ነው፤ ሁለቱን ግን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው በአጥንቱ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ በሰፊው ተዘርግቶ የሚሰማ ሕመም ነው። ሩጫ ሲጀመር ይብሳል፣ ሰውነት ሲሟሟቅ ይለዝባል፣ ልምምድ ሲያበቃ ይመለሳል። ይህ በተለይ ልምምድ በድንገት ሲጨምር የሚመጣ ነው፤ ጭነቱ ከተቀነሰ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ሁለተኛው ሕመም ቦታው በአንድ ጣት ሊጠቆም የሚችል ነው። ሲጫኑት ያማል፣ በሩጫው መሐል እየለዘበ ሳይሆን እየባሰ ይሄዳል፣ በአንድ እግር ሲዘለል ይወጋል፣ ሲብስ ደግሞ ተቀምጠውም ተኝተውም አይለቅም። ይህ አጥንቱ ላይ ቀጭን ስንጥቅ መጀመሩን የሚያመለክት ሊሆን ይችላል። ልጅዎ ማታ፣ ዕረፍት ላይ ሆና ስታሽ ስላዩዋት ነው ሐኪም ይቅደም ያልኩት።

ሐኪሙ ዘንድ ሲሄዱ አንድ ነገር አስቀድመው ይወቁ። እንዲህ ያለው ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት በራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። «ራጁ ንጹሕ ነው» ማለት «ነገ ሩጪ» ማለት አይደለም። ሕመሙ አንድ ነጥብ ላይ ከሆነ ኤምአርአይ (ከራጅ ይልቅ የአጥንቱን ውስጥ አጥርቶ የሚያሳይ ምርመራ) ያስፈልግ እንደሆነ ይጠይቁ። እስከዚያ ድረስ የሕመም ማስታገሻ ሰጥተው ወደ ውድድር አይላኳት፤ ክኒኑ ሕመሙን ይሸፍነዋል እንጂ አጥንቱን አይጠግነውም። ስንጥቅ በጊዜ ከተያዘ በሳምንታት ዕረፍት ይድናል፤ ተደብቆ ከተሮጠበት ሙሉ ስብራት ሊሆን ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

(ታናናሽ ሯጮች ላሏችሁ ወላጆችም ልጨምር። ከጉልበት በታች ባለው የአጥንት ጉብታ ወይም በተረከዝ ላይ የሚሰማ ሕመም በልጆች ላይ የሚበዛው ቁመታቸው በፍጥነት በሚጨምርበት ወቅት ነው፤ ይህ በሴቶች ልጆች በአማካይ 12 ዓመት፣ በወንዶች 14 ዓመት አካባቢ ነው። ጅማቱ የሚይዘው ገና በማደግ ላይ ያለ የአጥንት ክፍል ስለሆነ ነው የሚያማቸው። «ልጅ ነው፣ እያደገ ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም፤ ጭነቱ ይቀነስ።)

አሁን ወደ ምስጢሩ። «አልነግርብሽም» ብለው ቃል አይግቡላት። «ከጀርባሽ አልናገርም፣ ዝምም አልልም፤ አብረን እንነግረዋለን» ይበሏት። ከተቻለ ራሷ ትንገረው፣ እርስዎ አጠገቧ ይቁሙ። ልጅዎ ስለ ገዛ አካሏ በራሷ አንደበት መናገር ዛሬ ካልለመደች፣ ነገ ከቤት ርቃ ስትወዳደር ማንም አይናገርላትም። አሠልጣኙን ሲያገኙት ደግሞ «ትወጣለች ወይስ ትቆያለች?» ብለው አይጀምሩ። «ሐኪሙ እስኪፈቅድላት ከቡድኑ ጋር ሆና ምን ልትሠራ ትችላለች?» ብለው ይጠይቁ። እግር ላይ ክብደት ሳያሳርፉ የልብንና የሳንባን ብርታት መጠበቅ ይቻላል፤ ብስክሌት አለ፣ ዋና አለ፣ ጥልቅ ውኃ ውስጥ መሮጥ አለ። የትኛው ለእሷ እንደሚሆን ሐኪሙ ይንገራችሁ። ሥራውን የሚያውቅ አሠልጣኝ ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ ከተሰበረች ሯጭ ይልቅ ለአንድ ወር ያረፈች ሯጭ እንደምትሻለው ያውቃልና። ሕመሟን በመናገሯ ብቻ የሚቀጣት ከሆነ ግን ነገሩ የእሷ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ያበቃል። ከእሷ በኋላ የሚመጡት ልጆች ሁሉ ሕመማቸውን እንዲደብቁ እያስተማረ ነው። ያኔ የትምህርት ቤቱን የስፖርት ኃላፊ፣ ካልሆነም ርእሰ መምህሩን በጽሑፍ ይጠይቁ።

ቀጥሎ የልምምዱ ብዛት። አራት ቀን የነበረው በአንድ ጊዜ ስድስት ሆኗል፤ በግማሽ ጨመረ ማለት ነው። ልብና ሳንባ አዲስ ጭነትን በሳምንታት ይለምዳሉ፤ አጥንትና ጅማት ወራት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ልጅዎ «ትንፋሼ ጥሩ ነው፣ አልደከመኝም» ስትልዎ አልዋሸችም፤ አጥንቷ ግን ገና አልደረሰባትም። ሁለቱን አሠልጣኞች የየቀኑን ልምምድ እንዲጽፉላት ይጠይቋቸውና አንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ያስቀምጡት። ብዙ ጊዜ አንዱ ማክሰኞ ፈጣን ሩጫ ያስሮጣል፣ ሌላው ረቡዕ ያንኑ ይደግማል፤ ሁለቱም ቀላል ቀን የሰጣት ሌላው ይመስለዋል።

የሕፃናትና የስፖርት ሐኪሞች የሚሰጡት መመሪያ ቀላል ነው። አንድ ልጅ በሳምንት በተደራጀ ልምምድ የሚያሳልፈው ሰዓት ከዕድሜው ቁጥር አይብለጥ፤ ለልጅዎ 15 ሰዓት ማለት ነው። ይህ ጣሪያው ነው፣ መድረስ ያለባት ግብ አይደለም። በሳምንት ቢያንስ አንድ፣ ቢቻል ሁለት ቀን ሙሉ ዕረፍት ይኑራት። በዓመት ውስጥም በአንድ በአንድ ወር ተከፋፍሎ በድምሩ ሦስት ወር ያህል ከዋናው ስፖርቷ ትረፍ፤ በዚያ ጊዜ ኳስ ብትጫወት፣ ብትዋኝ ማንም አይከለክላትም። ልጅዎ አሁን በሳምንት ያላት የዕረፍት ቀን አንድ ብቻ ነው። እኔ ብጠየቅ፣ ስትመለስ የክለቡን ሁለት ቀን ወደ አንድ አወርደዋለሁ፤ የዓመቱን ዕቅድ የሚይዘውም ከሁለቱ አሠልጣኞች አንዱ ብቻ ይሁን እላለሁ። የትኛው? ዕቅዱን ጽፎ የሚያሳያችሁና ሲጠየቅ የማይቆጣው።

እዚህ ላይ እናት ለልጇ ብቻ ልትጠይቀው የምትችለው ጥያቄ አለ፤ እባክዎ አይለፉት። የወር አበባዋ እንዴት ነው? እስካሁን ካልጀመረች፣ ወይም ጀምራ ለሦስት ወርና ከዚያ በላይ ከቆመባት፣ ለሐኪሙ ይነገር። በሯጮች ዘንድ «ብዙ ስለምሮጥ ነው» ተብሎ እንደ ተራ ነገር የሚታለፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ተራ ነገር አይደለም። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ባለሙያዎች በፈረንጆቹ ከ2014 ጀምሮ በስም ለይተው የሚያስጠነቅቁት ችግር አለ፦ አትሌቱ የሚበላው ምግብ ልምምዱ ለሚጠይቀው ጉልበት ሳይበቃ ሲቀር ሰውነት ሌላውን ሥራ መቀነስ ይጀምራል። የወር አበባ ይዛባል ወይም ይቆማል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ሕመም ይደጋገማል፣ ስሜት ይለዋወጣል፣ ሐሳብን መሰብሰብ ያቅታል። ወንዶች ልጆችንም ይይዛል፤ በእነሱ ላይ ግን ምልክቱ ጎልቶ ስለማይታይ ይዘገያል። እንግዲህ ይመልከቱ፣ የቅልጥሙ ሕመምና የወረደው የክፍል ውጤት ሁለት ችግር መስለው ቢቀርቡልዎም ምንጫቸው አንድ ሊሆን ይችላል። ነው አልልም፤ ሐኪሙ ግን ሁለቱን አብሮ መስማት አለበት። የሚበቃት ምግብ ከልምምድ በፊትም በኋላም መኖሩን ይመልከቱ። ልጆችን በሰው ፊት እየመዘነ ስለ ክብደታቸው የሚናገር አሠልጣኝ ካለም ይህ እንዲቆም ይጠይቁ፤ ብዙ ልጃገረዶች ምግብ መፍራት የሚጀምሩት ከአንድ እንዲህ ካለ ቃል ነው።

ድካም ካላት የደም ምርመራም ይጠይቁ፤ የወር አበባ የጀመሩ ሯጮች ላይ የብረት እጥረት የተለመደ ነው። ምርመራ ሳይደረግ ግን የብረት ክኒን አይጀመርም፤ ሲበዛም ይጎዳል።

እንቅልፍን በተመለከተ፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይመከራል። በፈረንጆቹ 2014 ታትሞ በወጣ በተማሪ አትሌቶች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከ8 ሰዓት በታች የሚተኙት ጉዳት የደረሰባቸው ሆነው የመገኘታቸው ዕድል ከሌሎቹ 1.7 እጥፍ ነበር። የክፍል ውጤቷን በተመለከተ ሌላ ነገር ከማድረግዎ በፊት ለአንድ ሳምንት የተኛችበትንና የተነሣችበትን ሰዓት ይመዝግቡ። ከትምህርት በፊት የሚደረግ ልምምድ እንቅልፉን እየወሰደ ከሆነ መጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ ነው። አስጠኚ መቅጠሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ትምህርት ቤቱ የሚልክላችሁ የውድድር ቀንና ሰዓት ብቻ እንደሆነ ጽፈዋል። ይህ ለተመልካች ይበቃል፣ ለወላጅ ግን አይበቃም። የስፖርት ኃላፊውን ሄደው ይጠይቁት። ልጄ የምትወዳደርበት የዕድሜ ክልል የሚቆረጠው በየትኛው ቀን ነው? በዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ሕግ ከ18 ዓመት በታች የሚባለው ውድድሩ በሚደረግበት የፈረንጆች ዓመት መጨረሻ፣ ዲሴምበር 31፣ 16 ወይም 17 ዓመት የሞላው ነው፤ የትምህርት ቤት ውድድሮች ግን የራሳቸው መቁረጫ ሊኖራቸው ይችላል። ለመሰለፍ የሚያስፈልግ የክፍል ውጤት አለ? በልምምድና በውድድር ቦታ የመጀመሪያ ርዳታ የሚሰጠው ማነው? ልጅ ቢወድቅ ማን ማንን ይጠራል? የጤና መረጃዋና የእኛ ስልክ ሜዳው ላይ ባለው ሰው እጅ አለ ወይስ ቢሮ ተቆልፎበታል? የዱላ ቅብብሉ አባላት በምን ይመረጣሉ? ይህ የመጨረሻው ለልጅዎ ወሳኝ ነው። መመዘኛው ተጽፎ ቢሆን ኖሮ «ያወጣኛል» የሚለው ፍርሃት ግማሹ ባልኖረ ነበር።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ለመጠየቅ የሚከብድ ነው፣ ግን ይጠየቅ፦ ልጆቹ ለውድድር ሲጓዙ ስንት አዋቂ አብሯቸው ይሄዳል፣ ማደሪያውስ እንዴት ይከፋፈላል? አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ወይም በመኪና ብቻውን የማይሆንበት ደንብ መኖር አለበት። አሠልጣኝ ለልጅ የሚልከው የስልክ መልእክትም ወላጅ ባለበት ቡድን ውስጥ ይሁን። ሐቀኛ አሠልጣኝ በዚህ አይቀየምም፤ እሱንም ከሐሜት ይጠብቀዋል።

ስለ አባቷ። ልጁን እንደሚወድ ከደብዳቤዎ ይታያል፤ ስለዚህ በሕጉ ይጀምሩለት፣ ለሰዓት ያዥ ሰው ሕግ ይገባዋል። በአትሌቲክስ ሕግ በውድድሩ ውስጥ የሌለ ሰው ከሯጩ ጎን እየሮጠ ፍጥነት መስጠት የተከለከለ ርዳታ ነው። የሚቀጣው ደግሞ አባት ሳይሆን ሯጯ ናት፤ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይሰጣታል፣ ከተደገመ ከውድድሩ ትወጣለች። ከውድድሩ ክልል ውጭ፣ ከተመልካች ቦታ ሆኖ መናገር ግን ይፈቀዳል። ስለዚህ አባቷ ከሜዳው ይውጣ፣ ከውድድሩ አይውጣ።

የት ይቁም? ልጅዎ ትምረጥለት። በ800 ሜትር ሁለት ዙር አለ፤ ሯጮቹ የመጀመሪያውን ኩርባ በየመማቸው ሮጠው ከጨረሱ በኋላ ነው ወደ ውስጥ የሚገቡት። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ከመጨረሻው መስመር ማዶ የሚገኘው ቀጥታ መንገድ ነው፤ ደጋፊ የሚሳሳበት፣ በሁለተኛው ዙር እግር የሚከብድበት ቦታ። 1,500 ሜትር ሦስት ዙርና ሦስት አራተኛ ስለሆነ መነሻው ራሱ በዚሁ ቀጥታ መንገድ መጀመሪያ ላይ ነው፤ እዚያ ያለ አንድ የታወቀ ድምፅ ከመጨረሻው መስመር አጠገብ ከሚጮህ ሰው ሁሉ ይልቅ ይሰማል። ምን እንዲላት እንደምትፈልግም ይጠይቃት። «ስሜን ብቻ ጥራ» ልትል ትችላለች፤ «ዝም በል» ካለችውም ዝም ይበል። ሰዓቱን አይጣለው፤ የየዙሩን ጊዜ ደብተር ላይ ይጻፍ፣ ውድድሩ ሲያልቅ አሠልጣኙ ከፈለገው ይስጠው፤ ከአሠልጣኙ ሰዓት ጋር ለማመሳከር ይረዳል። ለልጅዎ ግን ራሷ እስክትጠይቅ ድረስ ስለ ሰከንድ አይነሣባት። ውድድሩ ከፍቶባት ከሆነ ወደ ቤት የሚወስዳት መንገድ ላይ ወሬውን የምትጀምረው እሷ ትሁን። ይህን ሁሉ ልጅዎ በአንድ ጸጥ ባለ ቀን ብቻዋን ብትነግረው ከእርስዎ አፍ ከሚሰማው ይልቅ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

እሱንም እርስዎንም የሚያሳስባችሁ የዘንድሮው የውድድር ወቅት ሊያመልጣት መሆኑ ከሆነ፣ አዋቂ ሆነው የዓለም ምርጥ የሆኑ አትሌቶችን ከብሔራዊ ደረጃ ካላለፉት ጋር ያነጻጸሩ ጥናቶች ያገኙትን ልንገራችሁ። ምርጦቹ በልጅነታቸው ከአንድ በላይ ስፖርት የሠሩ፣ ዋናውን ስፖርታቸውን ዘግየት ብለው የጀመሩ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታትም እድገታቸው ቀስ ያለ ነበር። በ15 ዓመት መቅደም ብዙ ጊዜ ሰውነት ከእኩዮች ቀድሞ መብሰሉን ነው የሚያሳየው፤ ወይም በዕድሜ ክልሉ መጀመሪያ ወራት መወለድን። አንድ ወቅት ያመለጣት ልጅ ያጣችው አንድ ወቅት ነው። ለእሷ ይህ ትንሽ አይደለም፣ ብታለቅስ አይገርምም፤ አጽናኗት እንጂ «ምንም አይደለም» አትበሏት። የዱላ ቅብብሉ ዕለት ከቡድኑ ጋር ትሂድ፣ መለያዋን ለብሳ ጓደኞቿ ሲያሟሙቁ አብራቸው ትሁን።

ዱቄቱን አይግዙላት። በዓለም አቀፉ የፀረ አበረታች ቅመሞች ሕግ አትሌቱ በሰውነቱ ለተገኘ ነገር ሁሉ ራሱ ተጠያቂ ነው፤ አውቄ አልወሰድኩም ማለት ቅጣቱን ሊያቀልል ይችላል እንጂ ጥሰቱን አያስቀረውም። በየጊዜው እንደታየው ደግሞ በማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ የተከለከለ ንጥረ ነገር በእንዲህ ያሉ ዱቄቶች ውስጥ ይገኛል። በደንብ የምትበላ የ15 ዓመት ልጅ አያስፈልጋትም። ግን «አይሆንም» ብለው ከማለፍዎ በፊት ለምን እንደፈለገችው ይጠይቋት። «ጓደኞቼ ስለሚጠጡ ነው» ካለች ነገሩ እዚያው ያልቃል። «ስለሚደክመኝ ነው» ካለች ግን ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠይቀው ይጻፉትና ከቅልጥሙ ጋር ለሐኪሙ ይንገሩት።